ከጉድጓዴ 60 ሜትር ላይ ማደያ አለ፤ ውሃው ላይ ቅባት የመሰለ ነገር አየሁ

የጓሮ_ውሃ
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ውስጥ 32 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለን። ለመጠጥም፣ ለማብሰያም፣ ለልብስም የምንጠቀመው እሱን ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ባልዲ ሞልቼ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ነገር ተንሳፏል። ከአጥራችን በላይ በኩል፣ በእርምጃ ስለካው 60 ሜትር ገደማ ላይ፣ ነዳጅ ማደያ አለ። አሮጌ ነው። ታንከሮቹ ከተቀበሩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ውሃው አይሸትም። ጣዕሙም ያው ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም «ካልሸተተ ምን ችግር አለው» ይሉኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከየት ልጀምር?

ቆፋሪው
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። ስንጥር እንጨት አምጣና ያን ስስ ነገር መሀሉን ውጋው። እንደ ቀጭን መስታወት ተሰባብሮ ስብርባሪው ለየብቻ ከቀረ ነዳጅ አይደለም። ብረት ባለበት ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ቆዳ ነው። ባልዲው ግርጌ ቡናማ ዝቃጭ ካለማ የበለጠ እርግጠኛ ሁን። እንጨቱን ስታወጣ ተመልሶ ከገጠመ፣ እየተጠማዘዘ እንጨቱን ከተከተለ ግን ዘይት ወይም ነዳጅ ነው። ብዙ ዓመት ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። በዚህች ስንጥር ስንቱን ከጭንቀት ገላግያለሁ።

የጓሮ_ውሃ
እህትህ ነኝ :) አሁን ሄጄ ወጋሁት። ተሰባበረ! ቁርጥራጩ ተመልሶ አልገጠመም። ቡናማ ዝቃጭም አለ። ታዲያ ተገላገልኩ ማለት ነው?

ቆፋሪው
ይቅርታ እህቴ። ከተንሳፈፈው ተገላግለሻል። ስንጥሯ የሟሟውን አታውቅም።

የድሮ_ቀጂ
ቆፋሪው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ይረዝማል።

ማደያ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ቀጂ፣ በኋላ ሂሳብ ያዥ። ጠዋት ጠዋት የመለኪያውን ዘንግ ታንከር ውስጥ እከት ነበር። ጫፉን ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት እንቀባዋለን፤ ታንከሩ ውስጥ ውሃ መግባቱ የሚታወቀው በሱ ነው። ዘንጉ እስከየት እንደረጠበ አንብቤ በሰንጠረዥ ወደ ሊትር እለውጣለሁ። ከዚያ ሂሳቡ ቀላል ነው። የትናንት ቀሪ፣ ሲደመር ቦቴው ያራገፈው፣ ሲቀነስ በፓምፕ የወጣው። ዘንጉ ከሚለው ጋር እኩል መምጣት አለበት።

አንድም ቀን እኩል መጥቶ አያውቅም።

ምክንያት አለው። ቤንዚን ሙቀት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በአንድ ዲግሪ ወደ 0.1 ከመቶ ገደማ። 20,000 ሊትር የጫነ ቦቴ ፀሐይ ላይ ውሎ መጥቶ መሬት ውስጥ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ወደ 190 ሊትር «ይጠፋል»። የትም አልሄደም፣ ተሰበሰበ እንጂ። ስለዚህ ልዩነት ሲመጣ «የሙቀት ነው»፣ «ትነት ነው» ብለን ጽፈን እናልፋለን።

አንደኛው ታንከር ግን ለአራት ወር ያህል በየቀኑ አጎደለ። 35። 40። 28። 36። የሌሎቹ አንድ ቀን ይጎድላል፣ አንድ ቀን ይተርፋል። የሱ ተርፎ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ እኛን ጠረጠረን። ከደሞዛችን ተቆረጠ። አንድ ጓደኛችን ተባረረ። በመጨረሻ ወለሉ ሲቆፈር ታንከሩ ደህና ሆኖ ተገኘ። ያፈሰሰው ከፓምፑ ሥር ያለች የቧንቧ ክርን ነበረች። መጋጠሚያዋ ላልቶ፣ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ታዣለች። አፈሩን በአካፋ ሲያወጡት የቤንዚኑ ሽታ ዓይን ያስነባ ነበር።

ሰው «ታንከሩ አፈሰሰ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ቧንቧው ነው፣ መጋጠሚያው ነው፣ ወይም ቦቴው የሚያራግፍበት አፍ ነው።

ምን_አገባኝ
ኧረ አታጋንኑ። ስንት ማደያ አለ፣ ስንት ጉድጓድ አለ። አፈር እኮ ያጣራል። 35 ሊትር መሬት ውስጥ ቢፈስ የት ይደርሳል? እስኪ ማን ሞተ?

ሂሳብ_ወዳድ
የት እንደሚደርስ እናስላዋ።

በመጀመሪያ የቃል ጣጣ። በእኛ አፍ ማደያ የምንቀዳው ቤንዚን ነው። እሱ ውስጥ የሚገኘው ካንሰር አምጪ ኬሚካልም ብዙ ጊዜ «ቤንዚን» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ነዳጁ የብዙ ኬሚካሎች ድብልቅ ነው፤ አንዱ ይሄ ኬሚካል ነው። እንዳንምታታ ኬሚካሉን «ቤንዜን» እለዋለሁ።

አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ገደማ ይመዝናል። 1 ከመቶው ቤንዜን ቢሆን 7.4 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 7.4 ግራሙ ሙሉ በሙሉ ቢሟሟ 740,000 ሊትር ውሃ እዚያ ጣሪያ ላይ ያደርሳል። ከአንዲት ሊትር ቤንዚን።

በተግባር ሁሉም አይሟሟም። ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ አፈር ላይ ይጣበቃል፣ ከፊሉን ባክቴሪያ ይበላዋል። ግን በቀን 35 ሊትር ለአራት ወር ሲፈስ ከ4,000 ሊትር በላይ ነው።

ሌላ ስሌት። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያዣ መጋጠሚያ ሰው ዞር ብሎ አያየውም። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብለን ብንይዝ በቀን 4.3 ሊትር፣ በወር 130 ሊትር፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ይሆናል።

ከርሰ_ምድር
ምን_አገባኝ ግማሽ እውነት አለው፣ ግማሹን ልስጠው። ሙያዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው።

ቤንዚን ከውሃ ይቀላል። መሬት ውስጥ ወርዶ የከርሰ ምድሩን ውሃ ሲያገኝ አይሰምጥም፤ ላዩ ላይ ይተኛል። ከዚያ ቤንዜንና ዘመዶቹ፣ ማለትም ቶሉዊን፣ ኤቲል ቤንዜንና ዛይሊን፣ ቀስ እያሉ ወደ ውሃው ይሟሟሉ። ውሃው ወደሚፈስበት አቅጣጫ እንደ ጭስ ጅራት ይዘረጋሉ። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይህንን ጅራት ከጫፉ እየበሉ ያሳጥሩታል። የአሜሪካው ሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ያፈሰሱ ብዙ ታንከሮችን መርምረው ነበር። አብዛኞቹ የቤንዜን ጅራቶች ከ80 ሜትር ገደማ አላለፉም። ስለዚህ «ያጣራል» የሚለው ከመሬት ተነስቶ የተባለ አይደለም።

ግን የእህታችን ጉድጓድ 60 ሜትር ላይ ነው። ጅራቱ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነች።

ሁለተኛ፣ ባክቴሪያ ሁሉን አይበላም። ኤም.ቲ.ቢ.ኢ. የሚባል ማጣፈጫ አለ፤ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል የሚጨመር። ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፣ አፈር አይዘውም፣ ባክቴሪያም ብዙ አይደፍረውም። የካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካ ከተማ በ1996 እ.ኤ.አ. ጉድጓዶቿን የዘጋችው በሱ ነው። ከምትጠጣው ውሃ ግማሽ ያህሉን አጣች። ኢታኖል የተቀላቀለበት ነዳጅም ሌላ ጣጣ አለው። ባክቴሪያዎቹ መጀመሪያ ኢታኖሉን ይበላሉ፣ ኦክስጅኑን ይጨርሳሉ። ቤንዜኑ ሳይነካ ወደፊት ይሄዳል።

ሦስተኛው ደግሞ ሰው የሚረሳው ነው። ጉድጓድሽ ራሱ ይስባል። ፓምፑ ሲሠራ በዙሪያው ያለው ውሃ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ታች ይጎደጉዳል። በተፈጥሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄድ የነበረ ውሃ ወዳንቺ ይዞራል። ብዙ በሳብሽ ቁጥር ከሩቅ ትጠሪያለሽ።

ቆፋሪው
ከርሰ_ምድር፣ «ማጣፈጫ» አልክ? ወጥ መሰለህ እንዴ :)

ከርሰ_ምድር
ሌላ ቃል አምጣልኝ እቀይረዋለሁ።

ቅን_ጎረቤት
እኔ ሙያው የለኝም ግን ውሃውን አፍልታ ብትጠጣስ? ቤንዜን ይተናል ካላችሁ በእሳት ይሄድ የለ?

የጠርሙስ_ሰው
እባካችሁ ይሄን ምክር አትስጡ። ላቦራቶሪ ውስጥ የውሃ ናሙና ነው የምመረምረው።

ማፍላት ለጀርም ነው። ቤንዜን ሲፈላ ይተናል፣ እውነት ነው። የሚተነው ግን ወጥ ቤትሽ ውስጥ ነው፣ አንቺም ትተነፍሺዋለሽ። በሞቀ ውሃ ሻወር መውሰድም እንደዚያው ነው። ክሎሪንም አይጠቅምም። ነዳጅ የነካው ውሃ ላይ የሚሠራው የአክቲቭ ካርቦን (በልዩ መንገድ የተዘጋጀ ከሰል) ማጣሪያ ነው፣ ወይም በሙያተኛ የሚተከል በአየር የሚያናፍስ መሣሪያ። ካርቦኑም ይጠግባል። ሲጠግብ ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ ሁለት አከታትለው ተክለው፣ በመካከላቸው ትንሽ ቧንቧ አውጥተው፣ ከመጀመሪያው የሚወጣውን ውሃ እያስመረመሩ ነው የሚጠቀሙት።

«ካልሸተተ ምን ችግር አለው» ለሚለው ደግሞ፣ ቤንዜን ውሃ ውስጥ ለአፍንጫ የሚታወቀው ከጤና ጣሪያው በብዙ መቶ እጥፍ ሲያልፍ ነው። ሽታ ከመጣ ጠጥተሽ ሰንብተሻል ማለት ነው።

የጓሮ_ውሃ፣ አስመርምሪ። ግን አወሳሰዱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞልኝ የሚመጣ ሰው አለ፣ ግማሹ ባዶ። እሱን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው፤ ቤንዜኑ ክዳኑ ሥር ወዳለው አየር ወጥቷል። 40 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ትንንሽ የመስታወት ጠርሙሶች ከላቦራቶሪው ጠይቂ። ውስጣቸው ጠብታ አሲድ አለ፣ አታጥቢያቸው። ከጉድጓዱ አፍ ቅርብ ካለው ቧንቧ ቅጂ፤ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር የወጣ ውሃ አየር አግኝቶ ሰንብቷል። ፓምፑን ቢያንስ 15 ደቂቃ አሠሪው፣ ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ ይውጣ። ከዚያ ቧንቧውን እንደ ክር አቅጥነሽ፣ ውሃው በጠርሙሱ ግድግዳ እንዲወርድ አድርገሽ ሙዪ። አፉ ላይ ጉብ እስኪል። ክደኚና ገልብጠሽ መታ መታ አድርጊው። ሽንብራ የምታክል የአየር አረፋ እንኳ ብትታይ ድፊውና በሌላ ጠርሙስ ድገሚ። በረዶ ላይ አድርገሽ በተቻለ ፍጥነት አምጪ። አሲድ ያለበትና የቀዘቀዘ ናሙና እስከ 14 ቀን ይቆያል፣ ግን አታስቆዪው።

ደንብ_አንባቢ
የድሮ_ቀጂ ስለ መዝገቡ ያወራውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አሜሪካኖች ለመሬት ውስጥ የነዳጅ ታንከሮች ሕግ ያወጡት በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ዝርዝር ደንቡ በ1988 ወጣ። ለነባር ታንከሮች እስከ ታኅሣሥ 1998 እ.ኤ.አ. ጊዜ ሰጡ፤ ወይ ከዝገት፣ ከመፍሰስና ከመትረፍረፍ የሚከላከል ነገር ይገጠምላችሁ ወይ ውጡ ተባሉ። እስካሁን ከ500,000 በላይ ፍሳሾች ተረጋግጠው ተመዝግበዋል።

እዚያ ደንብ ውስጥ መዝገብ የሚታየው በወር ነው። የወሩ ልዩነት ከሽያጩ 1 ከመቶ ሲደመር 130 ጋሎን ካለፈ ነው ማንቂያ የሚሆነው። 130 ጋሎን 492 ሊትር ነው። በወር 100,000 ሊትር የሚሸጥ ማደያ 1,492 ሊትር ድረስ ቢለያይበት መዝገቡ «ደህና» ይላል። በዚህ ምክንያት መዝገብ ብቻውን ለሁልጊዜ አይበቃም ተብሎ ታንከሩን አሽጎ መፈተሽ ተጨመረበት።

ሂሳብ_ወዳድ
ቆይ ቆይ። የቀጂው ታንከር በቀን 35 ሊትር ቢል በወር 1,050 ነው። የማደያው ሽያጭ ያን ያህል ከነበረ በደንቡ መሠረት ምንም አልጎደለም!

የድሮ_ቀጂ
እና ጓደኛዬ የተባረረው በ«ደህና» ልዩነት ነው። ለዚህ ነው መጠኑን ተዉት፣ አቅጣጫውን እዩ የምለው። የአለካክ ስህተት አንዴ ይጨምራል አንዴ ይቀንሳል። ቀዳዳ አያተርፍም። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል መዝገብ ካያችሁ፣ ትንሽ ቢሆንም፣ ሠራተኛውን ሳይሆን መሬቱን ጠርጥሩ።

ምን_አገባኝ
እሺ እሺ ተረታሁ። ሌላ ነገር ልጠይቅ። እኔ ማደያ ጎረቤት የለኝም። ግን የጉድጓዱን ፓምፕ የምናስነሳው በጄኔሬተር ነው። ችግር አለው?

ቆፋሪው
ጄኔሬተሩ የት ነው የቆመው? ጄሪካኑስ?

ምን_አገባኝ
ጉድጓዱ ላይ ትንሽ ቤት ሠርተናል። እዚያው ውስጥ።

ቆፋሪው
ይኸውላችሁ! ስንቱን ግቢ አይቻለሁ። ሰው ማደያውን ይከስሳል፣ የራሱ ጄሪካን ከጉድጓዱ አፍ አንድ ክንድ ላይ ተቀምጧል። ወለሉ ላይ ክብ ክብ እርጥብ ምልክት አለ፣ ጄሪካኑ የተቀመጠበት። ኬዚንጉ፣ ማለትም ጉድጓዱ ውስጥ የቆመው ቱቦ፣ ዙሪያውን ሲሚንቶው ተሰንጥቋል። ከማደያ የሚመጣው ስንት ሜትር አፈር አቋርጦ ነው። ያንተ ቤንዚን በስንጥቁ ገብቶ በኬዚንጉ ጎን ቀጥታ ይወርዳል። ዛሬውኑ አውጣው። ጄኔሬተሩ ውጭ፣ ከጉድጓዱ ዝቅ ባለ በኩል ይቁም፣ ከሥሩ የሚፈሰውን የሚይዝ ሰፊ ብረት ትሪ ይኑረው። ነዳጁ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። በኬዚንጉና በቁፋሮው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) ወይም በሲሚንቶ መዘጋቱን የቆፈረልህን ሰው ጠይቅ። «አላስታውስም» ካለህ አልዘጋውም።

ግቢ ውስጥ የተተወ አሮጌ ጉድጓድ ያለው ሰውም ይስማኝ። ድንጋይ ጥሎበት ወይም ቆሻሻ ሞልቶበት መርሳት አይሆንም። ላይ የፈሰሰውን ሁሉ ታች የሚያደርስ ቱቦ ነው። በአግባቡ ከታች እስከ ላይ ይደፈን።

ምን_አገባኝ
ጄሪካኑ ወጥቷል። ክብ ምልክቱን በተመለከተ ምንም አልናገርም።

የጓሮ_ውሃ
ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ይቅርታ።

መጀመሪያ ማደያው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ «ከሳሽ ነሽ?» ብሎ ጀመረ። «የለም፣ ጎረቤት ነኝ፣ ልጆች አሉኝ» አልኩት። ትንሽ ለዘብ አለ። የመዝገቡን ነገር እንደ ቀጂው አድርጌ ጠየቅኩት፣ አቅጣጫው ወዴት ነው ብዬ። ሰውየው ገርሞት ሳቀ። ሦስት ወር አብረን ገለጥን። ይተርፋል፣ ይጎድላል፣ ይተርፋል። ጥሩ ነው አልኩ።

ከዚያ ቦቴው የሚያራግፍበትን አፍ አሳየኝ አልኩት። ክብ የብረት ክዳኑን በብረት ዘንግ ፈልቅቆ አነሳው። ሥሩ ባልዲ የመሰለ ነገር አለ፣ ቱቦው ሲነቀል የሚንጠባጠበውን እንዲይዝ። ግማሹ ድረስ ውሃና ነዳጅ ተቀላቅሎ ሞልቷል። ሠራተኛው በጆግ ጨልፎ ሲያወጣው ግርጌው ላይ ጣቴን የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። ሁላችንም ዝም አልን። በዘንግም ሆነ በመዝገብ አይታወቅም፤ እዚያ የሚፈሰው ታንከሩ ውስጥ ሳይገባ ነው።

ውሃውን በተባልኩት መንገድ አስመረመርኩ። ሁለቴ አረፋ ገብቶብኝ ደፋሁ። ውጤቱ፦ ቤንዜን በሊትር 3 ማይክሮግራም። ሌሎቹ ከዚያ ያነሱ። ይሄ ምን ማለት ነው? ልደንግጥ ወይስ ልተኛ?

የጠርሙስ_ሰው
ከዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ (10) በታች ነው። ከአሜሪካም (5) በታች። ከአውሮፓ ኅብረት (1) በላይ ነው። አትደንግጪ፣ ግን በተፈጥሮ እዚያ የሚገኝ ነገር አይደለም። ነዳጅ እየደረሰሽ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም። ዋናው ጥያቄ እየጨመረ ነው እየቀነሰ የሚለው ነው፤ ያን አንድ ምርመራ አይነግርሽም። በየሦስት ወሩ ድገሚ።

ከርሰ_ምድር
ስንጥቁ ከተዘጋ ምንጩ ቆመ ማለት ነው። አፈር ውስጥ የቀረው ግን ለጊዜው መሟሟቱን አያቆምም፤ ቀጣዩ ውጤት ከፍ ብሎ ቢመጣ አትገረሚ። እስከዚያ ለመጠጥና ለማብሰያ ከሌላ ምንጭ ተጠቀሚ፣ ወይም ካርቦን ማጣሪያ ትከዪ። ፓምፑን በአንዴ ብዙ ሰዓት አታሠሪው፣ ጠዋት ትንሽ ማታ ትንሽ። እና ማደያው በምትኩ ምን ተከለ?

የጓሮ_ውሃ
ባለ ሁለት ግድግዳ ባልዲ። በሁለቱ ግድግዳ መካከል ፈሳሽ ቢገባ የሚጮህ ነገር አለው። በዙሪያው ያለውን አፈር ሁለት ሜትር ያህል ቆፍረው አወጡ፤ ለአካባቢ ጥበቃ ሰዎችም አሳውቀናል። ቧንቧዎቹን በግፊት ለመፈተሽ ቀን ተቆርጧል። ቀጂው የመከረኝን «ሠራተኛውን አትጠርጥር» የምትለዋንም ነገርኩት።

የድሮ_ቀጂ
እግዜር ይስጥሽ።

የጓሮ_ውሃ
የጠርሙስ_ሰው፣ የሚቀጥለውን ከሌላ ቧንቧ ብቀዳ ችግር አለው? የጉድጓዱ አፍ አጠገብ ያለው ላልቶ ይተፋል።

የጠርሙስ_ሰው
አለው። ያንኑ ቧንቧ አስጠግኚና ከዚያው ቅጂ። ፓምፑንም ያንኑ 15 ደቂቃ አሠሪው። አለዚያ ቁጥሩ ሲለወጥ ውሃው ይሁን አቀዳዱ አናውቅም።

የጓሮ_ውሃ
እሺ፣ ነገ ቧንቧ ሠራተኛ ይመጣል። ባዶ ጠርሙሶቹን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅያቸዋለሁ። «አሲድ አለው፣ እንዳይታጠብ» ብዬ በትልቁ ጽፌባቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ዙር አንዱን አጥበውት ነበር።